እንቁላል መስሎ የቀረበ ማንጎ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የምንመለከተው ጉዳይ ከማዕድ ቤት የተወለደ፥ ክርስትና ያነሡት ግን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቃውንት የሆኑ አንድ ጥበብ ነው፤ ይኸውም ከገበታ በኋላ የሚቀርበውን ጣፋጭ በመልኩም በቅርጹም ጨውና ቅመም የገባበት የዋና ገበታ ምግብ አስመስሎ የመሥራት ጥበብ ነው። በዚህ ጥበብ የተሠራ መብል የቀረበለት ሰው የተጠበሰ እንቁላል ያየ መስሎት ማንኪያውን ሲሰነዝር፥ አስኳል ነው ያለው ማንጎ፥ ነጭ ነው ያለውም የኮኮናት ወተት ሆኖ ያገኘዋል፤ ዓይኑ የመሰከረለትንም ምላሱ ይሽረዋል። ጉዳዩ ጨዋታ ቢመስልም የስሜት ሕዋሳታችንን ባሕርይ የሚገልጥ ምሥጢር ስላለበት፥ ጨዋታውንም ምሥጢሩንም አያይዘን እንተርካለን፤ በመጨረሻም እቤታችሁ የምትሞክሩትን አንድ አሠራር ከነልኩ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውሳለን።

ከዚህ ዓይነት ጣፋጮች መካከል በሕዝብ ዘንድ እጅግ የታወቀውና እስከ ዛሬም በጀርመን አገር በየአይስክሬም ቤቱ የሚሸጠው በ1969 ማንሃይም በተባለችው ከተማ ተገኘ። ዳሪዮ ፎንታኔላ የተባለ፥ ቤተሰቡ ከጣሊያን ተሰዶ በዚያች ከተማ በአይስክሬም ሥራ ይተዳደር የነበረ ወጣት፥ ጀርመኖች ሽፔትስለ የሚሉትን የሊጥ ምግብ ጨምቀው የሚያወጡበትን ባለ ቀዳዳ የብረት መጭመቂያ ወስዶ አስቀድሞ በብርቱ ካቀዘቀዘው በኋላ የቫኒላ አይስክሬም ጨመረበትና ቢጨምቀው፥ ነጩ አይስክሬም እንደ ስፓጌቲ ረዥምና ቀጭን ሆኖ ከሳሕኑ ላይ ተጠቀለለ። መጭመቂያው ሳይቀዘቅዝ ቢቀር ኖሮ አይስክሬሙ ብረቱን ሲነካ ቀልጦ ቅርጽ አልባ ይሆን ነበርና፥ የብልሃቱ ግማሽ ከቅርጹ ይልቅ በብርዱ ላይ ነበረ። ከላዩም የቲማቲም ስጎ ይመስል ዘንድ የተፈጨ እንጆሪ አፈሰሰበት፤ ፎርማጆ ይመስል ዘንድም ነጭ ቸኮሌት ፈቅፍቆ ነሰነሰበት። በመጀመሪያው ዘመን ሳሕኑ ከቀረበላቸው ሕፃናት መካከል፥ አይስክሬም ተመኝተው ሳለ ፓስታ የመጣላቸው መስሏቸው ያለቀሱ እንደ ነበሩ ይተረካል። ይህ ዕንባ በእኔ አስተያየት ትልቅ ምስክርነት ነው፤ ምክንያቱም ሕፃኑ ያለቀሰው ቀምሶ ሳይሆን አይቶ ነው፤ ከንፈሩ ሳይነካው ምግቡ በዓይኑ በኩል ተበልቶ፥ ተመዝኖና ተፈርዶበት ነበረ።

በዚያው በ1969 ዓመት በመጋቢት ወር፥ ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው ጥንታዊ የሳይንስ ተቋም፥ ኒኮላስ ኩርቲ የተባለ የኦክስፎርድ ሊቅ በማዕድ ቤት ውስጥ ስላለው ፊዚክስ ንግግር አደረገ። ኩርቲ በ1908 በቡዳፔስት የተወለደ፥ ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን በያዙ ጊዜ ወደ እንግሊዝ የተሰደደ፥ በ1956ም ከባልደረቦቹ ጋር የአቶምን ኒውክሊየስ በማግኔት ኃይል በማቀዝቀዝ ከፍጹማዊው ዜሮ በላይ እስከ አንድ ሚሊዮንኛ ዲግሪ ድረስ የወረደ፥ የብርድን ጥልቀት የመረመረ ሰው ነበረ። እንዲህ ያለው ሰው፥ የሰው ልጅ በቬኑስ ከባቢ አየር ውስጥ ያለውን ሙቀት ለክቶ ሳለ ከገዛ ምድጃው በወጣው ሱፍሌ በተባለው መብል ውስጥ የሚሆነውን አለማወቁ እንደሚያሳዝነው ገለጠ። ከዚያም ሰው ከለመደው ሥርዓት ተቃራኒ የሆነ ጣፋጭ፥ ማለት ውጭው በረዶ ውስጡ ግን ትኩስ የሆነ፥ በማይክሮዌቭ ምድጃ እንዴት እንደሚሠራ አሳየ። ምሥጢሩም የማይክሮዌቭ ሞገድ ፈሳሽ ውኃን አጥብቆ ሲያሞቅ፥ ሞለኪውሎቹ በቦታቸው የታሰሩበትን በረዶ ግን ብዙ ሳይነካው ማለፉ ነው፤ ስለዚህ በበረዶው ልብስ ውስጥ የተቀመጠው ስኳርና አልኮል የበዛበት ማርማላታ ይፈላል፥ ልብሱ ግን አይቀልጥም። ኩርቲ በኋላ ኤርቬ ቲስ ከተባለው ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ጋር ተባብሮ በ1988 ለጥናቱ ሞለኪውላር ጋስትሮኖሚ የሚለውን ስም ሰጠ፤ በ1992ም በሲሲሊያ ደሴት ኤሪቼ በምትባለው የተራራ ከተማ፥ ጥንት ገዳማት የነበሩ ሕንፃዎች ለሳይንስ ማዕከል በተሰጡበት ስፍራ፥ የመጀመሪያው የሊቃውንትና የወጥ ቤት ባለሙያዎች ጉባኤ ተደረገ።

ይሁን እንጂ አንዱን መብል በሌላው አምሳል መሥራት በእነዚህ ሊቃውንት ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሃርሊ 279 ተብሎ የሚታወቅ፥ በ1430 ገደማ የተጻፈ የወጥ ቤት መጽሐፍ አለ። በዚያ ዘመን የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በዐቢይ ጾም ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከወተትና ከእንቁላልም ይታቀቡ ነበርና፥ በመጽሐፉ ውስጥ የጾም እንቁላል የሚሠራበት ሥርዓት ተጽፎ ይገኛል፤ የእንቁላሉ ሆድ ዕቃ በቀዳዳ ወጥቶ ቅርፊቱ በሞቀ ውኃ ይታጠባል፤ ከለውዝ ዘር የወጣ ወተት ተፈልቶ፥ በጨርቅ ተጠልሎ፥ ስኳር ይጨመርበታል፤ ከዚህም እኩሌታው በነጭነቱ ሲቀር እኩሌታው በሳፍሮን ቢጫ ይሆንና በዝንጅብልና በቀረፋ ይቀመማል፤ ከዚያም ነጩ ከዳር፥ ቢጫው ከመካከል ሆኖ ቅርፊቱ ውስጥ ይሞላና በእሳት ይጠበሳል። እነሆ፥ ስድስት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በፊት የተሠራ፥ በመልኩ እንቁላል በጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ፥ ዛሬ በታላላቅ ምግብ ቤቶች የሚደነቅበት ነገር ሁሉ ያለበት መብል።

በእኛም አገር ይህ የአምሳል ጥበብ እንግዳ አይደለም። በጾም ወራት የሽምብራ ዱቄት በዘይትና በቅመም ታሽቶ፥ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፥ ከተጠበሰም በኋላ በሽንኩርትና በበርበሬ ቁሌት ውስጥ ገብቶ የሽምብራ ዓሣ እየተባለ ሲቀርብ ያልበላ ጿሚ ጥቂት ነው። እርግጥ የሽምብራ ዓሣ ጣፋጭ አይደለም፤ ጨውና በርበሬ ያለበት ወጥ ነው። ነገር ግን እናቶቻችን ዓሣውን ክንፍና ጅራት እያወጡ ሲቀርጹ፥ ሆድን ለመሙላት ብቻ ቢሆን ኖሮ አስፈላጊ ያልነበረውን ይህን ድካም የደከሙት፥ ለጿሚው የደስታን ድርሻ ለማትረፍ እንደ ሆነ አምናለሁ። የእንግሊዙ የለውዝ እንቁላልና የእኛ የሽምብራ ዓሣ በባሕርና በዘመን ተራርቀው ሳሉ ከአንድ ምክንያት፥ ከጾም ተወለዱ፤ የዛሬዎቹ የምግብ ጠቢባን ደግሞ ሁሉ ሞልቶላቸው ሳለ ያንኑ ሥራ ለጨዋታ ብለው ይሠሩታል።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንለፍ። የመጀመሪያው አልጂኔት ነው። በ1881 ኤድዋርድ ስታንፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት ከባሕር ውስጥ ከሚበቅለው ቡናማ አልጌ አውጥቶ ያሳወቀው ይህ ንጥረ ነገር፥ ሞለኪውሎቹ ረዣዥም ክሮች ናቸው። ሶዲየም ተጣብቆባቸው ሳለ በውኃ ይሟሟሉ፥ ውኃውንም ጥቂት ያወፍሩታል፤ ካልሲየም በመጣ ጊዜ ግን ሶዲየሙ አንዱን ክር ብቻ ይይዝ በነበረበት ስፍራ ካልሲየሙ ሁለቱን ክሮች አንድ ላይ ያስራቸዋልና፥ ፈሳሹ ከካልሲየሙ ጋር በተገናኘበት ወሰን ላይ በቅጽበት ስስ ቆዳ ይሠራል። በ1940ዎቹ ዓመታት ዊሊያም ፔስቻርት የተባለ ሰው በዚሁ ብልሃት ቼሪ የተባለውን ፍሬ የሚመስል ሰው ሠራሽ ፍሬ ሠርቶ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ እንግዲህ ጥበቡ ከመነሻው ለማስመሰል የተፈጠረ ነበረ ማለት ነው።

ከዚያ ግን ለብዙ ዘመን በፋብሪካ ውስጥ ተሰውሮ ከኖረ በኋላ፥ በ2003 በስፔን ካታሎኒያ፥ ሮሰስ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ባለ የባሕር ዳርቻ በነበረው ኤልቡሊ በተባለው ምግብ ቤት ውስጥ ፌራን አድሪያና ባልደረቦቹ ወደ ማዕድ አመጡት። የሜሎን ጭማቂ አልጂኔት ተቀላቅሎበት በጠብታ በጠብታ ካልሲየም ባለበት ውኃ ውስጥ ሲወርድ፥ እያንዳንዱ ጠብታ ካቪያር የተባለውን ውድ የዓሣ ዕንቁላል የሚመስል ድቡልቡል ፍሬ ሆነ፤ በጥርስ ሲነካም ፈንድቶ የሜሎን ጭማቂ አፈሰሰ። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ካልሲየሙ ወደ ውስጥ ዘልቆ መግባቱን ስለማያቆም፥ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ፍሬው እስከ መካከሉ ይረጋል። ስለዚህ በኋላ ነገሩን ገልብጠው፥ ካልሲየሙን ከምግቡ፥ አልጂኔቱን ከመታጠቢያው ውኃ ውስጥ አደረጉት፤ በዚህ ጊዜ ቆዳው ወደ ውጭ ያድጋልና ውስጡ ፈሳሽ እንደ ሆነ ይቆያል። በኋላ የምናስተምራችሁ እንቁላል የሚሠራው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ሁለተኛው መሣሪያ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚወጣው፥ ጃፓናውያን ከአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የሚጠቀሙበት አጋር አጋር ነው። ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣው ጄላቲን በሰው ገላ ሙቀት ይቀልጣል፤ አጋር አጋር ግን ከፈላ በኋላ ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይረጋል፥ ከረጋም በኋላ ወደ 85 ዲግሪ ካልደረሰ ተመልሶ አይቀልጥም። ይህን ባሕርዩን ለሳይንስ ያስተዋወቀችው ደግሞ አንዲት የቤት እመቤት ናት። በ1881 በጀርመን፥ ሐኪሙ ቫልተር ሄሰ ባክቴሪያ የሚያሳድግበት የጄላቲን ርጋታ በበጋ ሙቀት እየቀለጠ ቢያስቸግረው፥ ባለቤቱ ፋኒ ሄሰ ለማርማላታዋ የምትጠቀምበትን አጋር አጋር እንዲሞክር መከረችው፤ የባክቴሪያ ሊቅ የሆነው ሮበርት ኮህም ወዲያው ተቀበለው፥ እስከ ዛሬም በየላቦራቶሪው ይሠራበታል። ስለዚህ ሳይንስ ማዕድ ቤትን አስተማረ ተብሎ በሚነገርበት ሁሉ፥ ማዕድ ቤት ሳይንስን አስቀድሞ ማስተማሩ አብሮ ሊነገር ይገባዋል እላለሁ።

ሦስተኛው መሣሪያ ብርድ ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ይፈላል፤ አይስክሬም ሊሆን ያለው ክሬም ውስጥ ቢፈስ ውኃው በቅጽበት ስለሚረጋ የበረዶው ቅንጣቶች ለማደግ ጊዜ አያገኙም፥ አይስክሬሙም እጅግ የለሰለሰ ይሆናል። አግነስ ማርሻል የተባለች እንግሊዛዊት የአይስክሬም ባለሙያ በ1901 ፈሳሽ አየርን በገበታ ፊት ለዚሁ ተግባር ለማዋል አስባ ጽፋለች። ሐሳቡን በሙሉ ክብሩ ያሳየው ግን ብሬይ በተባለችው የእንግሊዝ መንደር ፋት ዳክ የተባለው ምግብ ቤት ባለቤት ሄስተን ብሉመንታል ነው። አስተናጋጁ እንግዳው ፊት ድስት አስቀምጦ እንቁላል ይሰብራል፤ ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ግን ጣዕሙ ቤከን ከተባለው የዐሣማ ሥጋ የተወሰደ የአይስክሬም ክሬም ነው፤ ናይትሮጅኑ ሲፈስበት ነጭ ጉም ከድስቱ ይወጣል፥ እንግዳውም እሳት የጠበሰው እንቁላል ፍርፍር የመሰለውን ነገር ሲቀምስ ብርድ ያጠነከረው አይስክሬም ሆኖ ያገኘዋል። በቺካጎም በ2004 በተከፈተው ሞቶ በተባለው ምግብ ቤት ሆማሮ ካንቱና የጣፋጭ ባለሙያው ቤን ሮች የሜክሲኮን ናቾስ ጣፋጭ አድርገው ሠሩ፤ ስኳር የለበሰ የበቆሎ ቂጣ፥ በናይትሮጅን ረግቶ የተፈጨ ሥጋ የመሰለ ቸኮሌት፥ ፎርማጆ መስሎ የተፈቀፈቀ የማንጎ በረዶ፥ የኪዊ ስልስ። ካንቱ በ2015 በወጣትነቱ ዐረፈ፤ ሥራው ግን በዚህ መስክ ከሚጠቀሱት ሁሉ ግንባር ቀደም ነው ብዬ እፈርዳለሁ፤ ምክንያቱም በሳሕኑ ላይ ያለ አንዱም ነገር ለማስመሰል ብቻ የተቀመጠ አልነበረም፤ ቸኮሌትና ማንጎ በዓይን ባይታዩም ተስማምተው ይበላሉ።

አድማጮቻችን፥ ይህ ሁሉ ስለ ምን ደስ እንደሚያሰኝ ለመረዳት ሁለት ምርመራዎችን እንመልከት። በ2001 በፈረንሳይ በቦርዶ ሦስት ተመራማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አድርገው ለ54 የወይን ጠጅ ተማሪዎች ቢያቀምሱ፥ ተማሪዎቹ ሽታውን ቀይ ወይን ጠጅ በሚገለጥባቸው ቃላት ገለጡት፤ ዓይን አፍንጫን መራው። በ2008 ደግሞ የሱሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከብሉመንታል ጋር ሆነው በጢስ ከተዘጋጀ ሳልሞን ዓሣ አይስክሬም ሠርተው፥ ለአንዳንዱ አይስክሬም ነው ብለው፥ ለሌላው ደግሞ ጨው ያለበት የረጋ ምግብ ነው ብለው ሰጡ፤ ምግቡ አንድ ሆኖ ሳለ አይስክሬም የተባለላቸው ሰዎች እጅግ ጨዋማ ሆነባቸው፥ ጠሉትም። ልቡና አስቀድሞ የጠበቀው ነገር በምላስ ላይ ሳይሠራ አይቀርም። ስለዚህ ጨው ጠብቀው ጣፋጭ ሲያገኙ የሚመጣው ደስታና ጣፋጭ ጠብቀው ጨው ሲያገኙ የሚመጣው ቅያሜ አንድ አይደለም፤ ባለሙያው ማስመሰሉን ወደ ጣፋጩ ወገን ማዘንበሉ ከጥንቃቄ ነው።

ከዚህም የተነሣ ለሚሠራ ሰው አንድ ምክር አለኝ፤ ይህንንም አጥብቄ እናገረዋለሁ። የሠራችሁትን ጣፋጭ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው አስቀምሱ። ሳያየው ወድዶ ከደገመ፥ ማስመሰሉ ተጨማሪ ጸጋ ይሆናል፤ ሳያየው ከተወው ግን ምንም ያህል እንቁላል ቢመስል የሸክላ እንቁላል እንጂ መብል አይደለም። በገበታ ላይ ዓይንን ማታለል የተፈቀደው ምላስ ወዲያው እውነቱን ስለሚገልጥ ነው፤ ያ እውነት ደግሞ የጣፈጠ መሆን ይገባዋል።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ። በመጀመሪያ በዋዜማው 1 ሊትር የተጣራ ውኃ ውስጥ 5 ግራም ሶዲየም አልጂኔት ጨምራችሁ በመፍጫ ምቱና ሌሊቱን በማቀዝቀዣ አሳድሩት፤ ማሳደሩ የተዋሐደው የአየር አረፋ እንዲወጣለት ነው። የቧንቧ ውኃ ካልሲየም ሊኖርበት ስለሚችል አልጂኔቱን አስቀድሞ ሊያረጋው ይችላል። በማግሥቱ የበሰለ ማንጎ ፈጭታችሁ በወንፊት አጥልሉና በ250 ግራሙ ላይ 5 ግራም ካልሲየም ላክቴት ግሉኮኔት አዋሕዱ። እነዚህ ሁለት ዱቄቶች የኬክና የአይስክሬም ዕቃ በሚሸጥበት ይፈለጋሉ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ አድማጮቻችን ያለ ችግር ታገኟቸዋላችሁ። ልካቸው ጥቂት ስለ ሆነ በማንኪያ ግምት ሳይሆን ግራም በሚለይ ትንሽ ሚዛን ይመዘኑ።

ነጩን ለመሥራት 400 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት፥ 40 ግራም ስኳርና 2 ግራም የአጋር አጋር ዱቄት ገና በቅዝቃዜው አደባልቁ፤ ከዚያ እያማሰላችሁ ሁለት ደቂቃ አፍሉት፥ ባይፈላ አጋር አጋሩ አይሟሟምና። ጥቂት ሲበርድ በየሳሕኑ ላይ በጭልፋ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱ፤ ዳሩ የተስተካከለ ክብ እንዳይሆን፥ ከድስት የወጣ እንቁላል ዳሩ ወጣ ገባ ነውና። ከመርጋቱ በፊትም በማንኪያ ጀርባ መካከሉን ጥቂት ጎድጎድ አድርጉት።

አስኳሉን ግብዣው ሲቃረብ ሥሩ። ማንጎውን በክብ ማንኪያ ሞልታችሁ ማንኪያውን ወደ አልጂኔቱ ውኃ ገጽ አስጠግታችሁ በቀስታ ገልብጡ፤ ከከፍታ ከተጣለ ይዘረጋል። አንዱ ሌላውን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፥ ይጣበቃሉና። ሦስት ደቂቃ ያህል ከቆየ በኋላ ቀዳዳ ባለው ጭልፋ አውጥታችሁ በንጹሕ ውኃ እጠቡትና በነጩ መካከል አኑሩት። ቁንዶ በርበሬ እንዲመስል ጥቂት የኮኮዋ ዱቄት ነስንሱበት፤ ከጎኑም የጾም ዳቦ ቁራጭ ስኳር ተነስንሶበት በምጣድ ተጠብሶ ይቅረብ። በዚህ ሳሕን ላይ እንቁላልም ወተትም ቅቤም የለም፤ ስለዚህ በዐቢይ ጾም መካከል የተጠበሰ እንቁላል መስሎ ቢቀርብ የጿሚው ሕሊና ነጻ ነው።

ፈሳሽ ናይትሮጅንን ግን ያለ ሥልጠናና ያለ ልዩ ዕቃ በቤት ውስጥ እንዳትሞክሩ አደራ እንላለን፤ ቆዳን ያቃጥላል፥ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የምንተነፍሰውን አየር ይገፋል፥ ሳይተን ቢጠጣም ጨጓራን ይቀድዳል። ኮኮናትም ሆነ ሌላ ፍሬ ለጤናው የማይስማማ እንግዳ መኖሩን ደግሞ ሳሕኑ ሳይቀርብ ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ የጨዋታው ምሥጢር ይፍረስ፥ የገባበት ነገር ሁሉ በግልጥ ይነገረው፥ ለእርሱም ኮኮናቱ በአጃ ወተት ተለውጦ ለብቻው ይሠራለት።